ሞዴል ሃያ ሁለትን የማያውቀው የመጋዘን ሠራተኛ

እማዬ፣

ደብዳቤ ሲጀመር መጀመሪያ ጤና እንደሚጠየቅ የአማርኛ መምህራችን አስተምረውናል። ያንቺን ጤና መጠየቅ ግን ትንሽ የረፈደ ስለመሰለኝ ዘለልኩት። ብትኖሪ በዚህች ቀልድ በነጠላሽ ጫፍ ትመቺኝ ነበር፤ ከዚያ ፊትሽን አዙረሽ ትስቂ ነበር።

ከሄድሽ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሙት ዓመትሽን አውጥተናል። ወንድምሽ ጋሽ ተካ ዝክርሽ ላይ ተነሥተው ስለ ዘመኑ ወጣት ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ሰውም እየበላ በትዕግሥት ሰማቸው። እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ገብቻለሁ። የትንሹ ልጅሽ የናቲ የፊት ጥርሶች ወልቀው እንደገና በቅለዋል፤ አሁን ቁርጥ ጥንቸል ነው የሚመስለው። ከቤታችን ፊት ያለው መንገድ ተቆፍሮ፣ ተደፍኖ፣ እንደገና ተቆፍሯል። አባዬም የአገልግሎት ዘመኑን ጨርሶ ከሠራዊቱ ተሰናብቶ ጠቅልሎ ቤት ከገባ ስምንት ወሩ ነው።

የምጽፍልሽ ግን ለዚህ አይደለም። እማዬ፣ እስኪ ተቀመጪ። እዚያ መቀመጫ ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ብቻ የሆነ ነገር ተደገፊ። አባዬ ዋሽቶሻል። ሴት አይደለም፣ ልብሽን አሳርፊ። ወይም አታሳርፊ፤ እኔ ራሴ ይኸው ሁለት ወር ሙሉ አፌን ከፍቼ ነው የምዞረው። ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

አባዬ ሲመጣ አንድ አረንጓዴ ሻንጣና አንድ ብርድ ልብስ ይዞ ነው የመጣው። ሃያ ዓመት ሙሉ በሠራዊቱ ንብረት ክፍል ብርድ ልብስ ሲቆጥር የኖረ ሰው፣ አንድ ብርድ ልብስ ብቻ። ስልኬ ላይ ስሙን ምን ብዬ እንደመዘገብኩት ታስታውሻለሽ፤ «ሻለቃ ብርድ ልብስ»። ብርድ ልብስ ያልሽው አንቺ ነሽ። እኔ ማዕረጉን ብቻ ነው የጨመርኩለት፤ ከሃምሳ አለቃነት አንሥቼ ሻለቃ አደረግሁት።

ቤት ሲውል ጠባዩ ግራ አጋባን። ግቢውን ሲጠርግ ከግራ ጀምሮ መስመር በመስመር ነው፤ አንድ መስመር ሳይጨርስ ሌላውን አይነካም። ሣር ላይ አይረግጥም። ናቲ መንገድ ላይ የወደቀ ጣሳ ሊለጋ እግሩን ሲያነሣ ብብቱን ይዞ ከመሬት ብድግ ያደርገዋል። ዝናብ ሲያባራ ደግሞ መሬት መሬቱን እያየ ቆሞ ይቀራል። «አባዬ፣ ሳንቲም ጠፋብህ እንዴ?» እለዋለሁ። «አይ፣ እንዲያው ነው» ይለኛል። እኔም መጋዘን ውስጥ ብዙ የቆየ ሰው ፀሐይ ሲያይ እንደዚህ ይሆናል ብዬ ለጓደኞቼ ተረክሁ። ሳቁ። አስቄበት ነበር፣ እማዬ። ይህንን ያዢልኝ፤ በኋላ አፍርበታለሁ።

ከዚያ የሥራ ነገር መጣ። ወታደር ሲሰናበት ሰው ሁሉ የሚያውቅለት ሥራ አንድ ነው፤ ጥበቃ። ጎረቤታችን እትዬ ፀሐይ ባንክ በር ላይ ሰው እንደሚፈለግ ነገሩት። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ወርቁ ትምህርት ቤት በር ላይ አሉት። ዳቦ ቤቱም ዳቦ ቤቱ በር ላይ። በር ካለ ወታደር ይቆምበታል፣ አለቀ። ምን መሥራት ትወዳለህ ብሎ የጠየቀው አንድም ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁትም።

ጋሽ ተካ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ከሁሉም የተሻለ አሰቡ። የዱቄት ፋብሪካ ያለው ወዳጃቸው የመጋዘን ሠራተኛ ይፈልግ ነበር። «ሃያ ዓመት ልምድ ያለው፣ እጁ ንጹሕ የሆነ ሰው አመጣልሃለሁ» ብለው ቃል ገቡለት። አባዬ ሱሪውን እንደ ስለት እስኪቆርጥ ድረስ ተኩሶ ለፈተና ሄደ። ፈተናው ቀላል ነበር። የገባ ዕቃ በሞዴል አሥራ ዘጠኝ፣ የወጣ ዕቃ በሞዴል ሃያ ሁለት ይመዘገባል፤ እነዚህን ሁለት ቅጾች ሙላ ነው የተባለው። የትምህርት ቤታችን ዘበኛ እንኳ ያውቋቸዋል። አባዬ ሞዴል ሃያ ሁለት ላይ «የዕቃው ዓይነት» በሚለው ቦታ ስሙን ጻፈ። «ብዛት» የሚለው ጋ ደግሞ አንድ ብሎ ሞላ።

ጋሽ ተካ በዚያው ቀን ከሳንሱሲ ድረስ መጡ። ሻይ አቀረብኩላቸው፤ አልነኩትም።

«ሃያ ዓመት መጋዘን የኖረ ሰው ሞዴል ሃያ ሁለት አያውቅም?» አሉ። «አይጥ እንኳ ያን ያህል ብትኖርበት ትሞላዋለች።»

አባዬ ወለሉን አየ። እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ጋሽ ተካ የሚያስፈሩት ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ እንደሆነ ታውቂያለሽ።

«እንግዲህ ወይ መጋዘን አልሠራህም፣ ወይ ደግሞ የተሰናበትከው በሌላ ነገር ነው።»

ሌላ ነገር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ናቲም ሳይቀር ገባው። አባዬን ሌባ ነበርክ እያሉት ነው። እኔ ይነሣል፣ ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልተነሣም። ያን ጊዜ፣ ይቅር በይኝ እማዬ፣ እኔም ጠረጠርኩት።

ፍርዱ እዚያው ተሰጠ። ቆላ ወርዶ የጥጥ እርሻ ይጠብቃል፤ ሥራውን አስቀድመው አነጋግረውለታል። እኔ ሳንሱሲ እሳቸው ጋ እገባለሁ፤ ናቲን ደብረ ብርሃን ያለችው አክስታችን ትወስደዋለች። መልሱ ለሰኞ። የጋሽ ተካን ቤት አትረሺውም መቼስ፤ ሶፋው ላስቲኩ እስካሁን አልተነሣለትም፣ ስትቀመጪበት ይንጫጫል። ግን የሶፋው ነገር አልነበረም ያስጨነቀኝ። ናቲ የኳስ ጫማውን በፌስታል ቋጥሮ በሩ አጠገብ አስቀመጠ። ስትሄጂ ሦስት ሆነን ቀረን፤ አሁን ደግሞ እያንዳንዳችን ብቻችንን ልንቀር ነበር።

ቅዳሜ ሆነ። ውሃ ከጠፋ ሦስተኛ ሳምንታችን ነው። መጀመሪያ ፈረቃው የተዛባ መስሎን ዝም አልን። ኋላ ላይ ነው የድሮው ቧንቧ ከመሬት በታች የሆነ ቦታ መሰበሩ የታወቀው፤ የት እንደሆነ ግን የሚያውቅ ጠፋ። ሥራውን የያዘው ተቋራጭ ኤክስካቫተር አምጥቶ ሦስት ጉድጓድ ቆፈረ። አንዱ ውስጥ ጫማ ተገኘ። ካርታው ከመንገዱ ጋር አልገጥም ሲል የሰፈሩ አዛውንቶች ይጠየቁ ተባለ። ከዚህ የባሰ ሐሳብ አልነበረም።

«ቧንቧውን በዚህ ትከሻዬ ተሸክሜ ነው ያስቀበርኩት። በዚህ ነው የሚያልፈው» አሉ ጋሽ ወርቁ በከዘራቸው እያመለከቱ።

«እርስዎ ያን ጊዜ መቼ እዚህ ነበሩ? አዋሽ አልነበሩ እንዴ?» አሉ እትዬ ፀሐይ። እሳቸው ደግሞ በጣታቸው ወደ ሌላ በኩል አመለከቱ።

የሥራው ኃላፊ ኢንጂነር ሰላም የምትባል ልጅ ናት፤ ከእኔ በአሥር ዓመት ብትበልጥ ነው። በሁለቱ መሐል ቆማ አንዴ የጋሽ ወርቁን ከዘራ አንዴ የእትዬ ፀሐይን ጣት ታያለች። በመጨረሻ የጋሽ ወርቁ ከዘራ አሸነፈና ኤክስካቫተሩ ክንዱን አነሣ። እኔ ጀሪካን ይዤ ከሰዉ ጋር ቆሜያለሁ። አባዬና ናቲ ፀጉር ቤት ቆይተው እየመጡ ነበር።

«ቁም» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

የማን እንደሆነ አላወቅሁትም። አባዬ ነው። እንደዚያ ያለ ድምፅ ቤታችን ውስጥ ወጥቶ አያውቅም። ኦፕሬተሩ እጁን ከመሪው ላይ አነሣ። ጋሽ ወርቁ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ አቆሙ፤ ሰፈራችን ኮልፌ ውስጥ ይህ ሲሆን የመጀመሪያው ነው።

«እዚህ ጋ መሬቱ ተከፍቶ ተዘግቷል» አላት ለኢንጂነሯ። «ሣሩን እዪው፣ አበቃቀሉ ከጎኑ ካለው አይገናኝም። ዝናቡም ያቆረው እዚህ መስመር ላይ ብቻ ነው። ከሥር የሆነ ነገር አለ። ቧንቧ ግን አይመስለኝም፣ ጠበብ ይላል።»

ከዚያ ቀጭን ፌሮና ሲባጎ አምጡልኝ አለ። ሁላችንንም ሃያ አምስት እርምጃ ወደኋላ መለሰን፤ ጋሽ ወርቁንም ጭምር፣ እሳቸውም ሄዱ። ሲባጎውን ወጥሮ፣ በተኮሰው ሱሪ ጭቃው ላይ በሆዱ ተኛ። እማዬ፣ በሆዱ ተኛ። ፌሮውን አጋድሞ፣ ቀስ አድርጎ ወደ መሬቱ ይሰደዋል፤ ያወጣዋል፤ ሁለት ጣት ያህል ይለካና እንደገና። ወደ ታች ቀጥ አድርጎ አንድም ጊዜ አልወጋም። ኋላ ስጠይቀው የተቀበረ ነገር ከጎኑ እንጂ ከአናቱ አይነካም አለኝ። ያለፈበትን በነጭ ጠጠር ምልክት ያደርጋል። ሰው መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ጀሪካኑን እያስቀመጠ ማየት ጀመረ። እኔ እጁን ነበር የማየው። በቆሎ የሚፈለፍልበት፣ የናቲን ጫማ የሚያስርበት እጅ ነው፤ ግን የማላውቀው ሰው እጅ ነበር።

ሠላሳ ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ አፈሩን በጣቱ ጠርጎ አንድ ጥቁር ወፍራም የኤሌክትሪክ ገመድ አሳየን። ኤክስካቫተሩ ሊገባበት የነበረው ልክ እዚያ ላይ ነው። ኦፕሬተሩ ከማሽኑ ወርዶ ሰንሰለቱ ላይ ተቀመጠ፤ ላቡ ይንቆረቆር ነበር። አባዬ ግን ቀና እንኳ አላለም፤ ቀጠለ። ሌላ አንድ ሰዓት ፈጀበት። ቧንቧውን አገኘው፤ ሁለቱም አዛውንቶች ካሉት ቦታ ውጪ። በሲባጎው እየተከተለ ሄዶ አፈሩ የረጠበበት ላይ ቆመ። ሠራተኞቹ በአካፋ ከፈቱት፤ ውሃው እየተፍለቀለቀ ወጣ። ሕፃናቱ በጣሳ፣ እትዬ ፀሐይ በባልዲ ተሻሙ።

ኢንጂነሯ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። «ጋሼ፣ ይህንን የት ተማሩት?»

አባዬ ፌሮውን በሱሪው ጠረገ። ናቲ ግን ደረቱን ነፍቶ «አባዬ መጋዘን ነው የሠራው። ብርድ ልብስ ቆጣሪ ነበር» አላት።

አባዬ ጭቃው ላይ ተቀምጦ ወደ እኔ ተመለከተ። ወደ ኢንጂነሯ አይደለም፤ ወደ እኔ። «ቤዛ፣» አለኝ፣ «እኔ መጋዘን ገብቼ አላውቅም። ፈንጂ ነበር የማወጣው።»

ጀሪካኔ ሞልቶ ጫማዬ ላይ ይፈስ እንደነበር የነገሩኝ ሌሎች ናቸው።

ቤት ገብተን ልብሱን እንኳ ሳይለውጥ ሁሉንም ነገረን። ከሃያው ዓመት አሥራ ሰባቱን በሆዱ ተኝቶ ነው የኖረው። የተቀበረ ፈንጂ እየፈለገ ሲያወጣ። ወደዚያ ክፍል የተመደበ ሰሞን አንቺ እኔን አርግዘሽ ነበር። በስልክ «የት መደቡህ?» አልሽው። «ንብረት ክፍል» አለሽ። ለጊዜው ብቻ ነበር ሊዋሽሽ ያሰበው፤ እስክትወልጂ። ስትወልጂ ደግሞ ናፍቆሽ «ስንት ብርድ ልብስ አለ እዚያ?» አልሽውና ቁጥር ፈጠረ። ከዚያ በየጊዜው ሌላ ብርድ ልብስ መፍጠር ነበረበት።

ጣቱስ? የግራ እጁ የቀለበት ጣት ጫፍ? የመጋዘን በር ተዘግቶብኝ ነው ያለሽ እሱ? ለዓመታት ስልክ ስትዘጊ «በር ስትዘጋ እጅህን አንሣ እሺ?» ትይው አልነበር? በር አልነበረም። «ትንሽ ነበረች፣» አለ፣ «ትልቅ ብትሆን አልመጣም ነበር።» ይህንን ያለው ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው ነው። ናቲ ተነሥቶ ጣቱን ያዘው።

ከዚያ ተናደድኩ። ለምን አልነገርካትም ብዬ ጮኽሁበት። ታማ ተኝታ እንኳ፣ መጨረሻዋ ላይ እንኳ ለምን አልኩት። ጭቃውን ከጣቶቹ እየፋቀ መለሰልኝ። ዜና ሲነበብ የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ደረታቸውን ይዘው ሲያዳምጡ፣ አንቺ «ተመስገን፣ የእኔው መጋዘን ውስጥ ነው» ብለሽ ሽንኩርት መክተፍሽን ትቀጥይ እንደነበር እናትሽ ነግረውት ነበር። «ያንን ላፈርስባት አልቻልኩም» አለ። «ኋላ ደግሞ ፈራኋት። ፈንጂ እንደሷ አላስፈራኝም።» እማዬ፣ ይህን ጊዜ ሳላስበው ሳቅሁ። ሳቄ ሲያልቅ እያለቀስኩ ነበር። ስልኬን አውጥቼ ስሙን «አባዬ» ብዬ ቀየርኩት።

ኢንጂነር ሰላም እዚያው ቅዳሜ ዕለት ሰኞ ይምጡ ብላው ነበር። ከእኛ ሰፈር እስከ ዘነበወርቅ ድረስ አዲስ ቧንቧ እየዘረጉ ነው፤ በየቦታው ገመድ ይበጥሳሉ። ከማሽኑ ፊት ፊት እየሄደ ከሥር ያለውን የሚያሳያቸው ሰው ይፈልጋሉ። «እንደርስዎ ያሉ ሌሎች አሉ?» ብላ ጠየቀችው። «አሉ፣» አላት፣ «በየበሩ ቆመዋል።»

እሑድን ሲቪውን ስጽፍለት ዋልኩ። አረንጓዴው ሻንጣ ሥር አንድ ክላሰር ነበረ፤ ውስጡ የሥልጠና ምስክር ወረቀት በምስክር ወረቀት ላይ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ለማንም ያላሳየው። «የሥራ ልምድ» የሚለው ጋ ስደርስ «መጋዘን» ብዬ ጀምሬ ሰረዝኩት። «ጠንካራ ጎን» የሚለውን ደግሞ ምን ልጻፍ አልኩት፤ አሰበና «አልቸኩልም በይ» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ተካ መልስ ሊቀበሉ መጡ። አባዬ ቆላ አልወርድም፣ ልጆቼም የትም አይሄዱም አላቸው። ከዚያም እውነቱን ነገራቸው፤ ክላሰሩን ጭናቸው ላይ አስቀመጠ። መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አነበቡ። አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉት፤ አደረጉት፤ እንደገና አነበቡ። በሕይወቴ እንደዚያ ሲደነግጡ አይቻቸው አላውቅም። ክላሰሩን ዘጉና፣

«ታዲያ ያ ሁሉ ብርድ ልብስ?» አሉ።

«አልነበረም ጋሼ» አላቸው አባዬ።

ሲወጡ በር ላይ የአባዬን ግራ እጅ ይዘው ጣቱን አዩት። ንግግር ሳያደርጉ የሄዱበት ቀን ይኸው ብቻ ነው።

ሰኞ ሥራ ጀመረ። የሁለት ወር ሙከራ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት አልቆ ቋሚ አድርገውታል። ሆቴል በር ላይ ቆሞ የነበረ አንድ የድሮ ጓደኛውንም አስገብቶታል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ተኝተው ሲሠሩ ላያቸው ሰው አዞ ይመስላሉ። አንድ ቀን ግን ጠየቅሁት። ከዚያ ጣጣ ወጥተህ እንደገና መሬት መውጋት አይሰለችህም? አልኩት። «እዚያ አንድ ማሳ ስንጨርስ፣ ንጹሕ መሆኑን ለማሳየት መጀመሪያ የምንራመድበት እኛ ነን» አለኝ። «ከዚያ ወደ ሌላ ቦታ እንሄዳለን። ገበሬው ሲያርሰው አይቼ አላውቅም። እዚህ ግን ውሃው ባልዲ ውስጥ ሲገባ አያለሁ።»

አንድ ነገር ደግሞ አስምለነዋል፤ መዋሸት የለም። ጠዋት ጠዋት ሲወጣ የት እንደሚሠራ፣ ከሥር ምን ይኖራል ተብሎ እንደሚገመት፣ በስንት ሰዓት እንደሚመለስ ይናገራል። መጀመሪያ ሰሞን በጣም ከመዘርዘሩ የተነሣ ናቲ ዳቦ በእጁ እንደያዘ እንቅልፍ ወስዶታል።

ባለፈው ሐሙስ አመሸ። አሥራ አንድ ተኩል ላይ የሚገባ ሰው አሥራ ሁለት ተኩል ሆነ፣ አንድ ሰዓት ሆነ። ስልኩ ዝግ። ናቲን እትዬ ፀሐይ ጋ ትቼ ፌርማታው ድረስ ወረድኩ። ታክሲ በቆመ ቁጥር የሚወርደውን ሰው እግር አያለሁ። አንቺ ይህንን ጭንቀት ያን ሁሉ ዓመት ሳታውቂው አለፍሽ ብዬ አሰብኩ። በመጨረሻ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ወረደ። ባትሪው አልቆበት ነው። እዚያው ታክሲው በር ላይ ጮኽሁበት። የት ነበርክ፣ ቤት ሰው የለህም፣ ስልክ ተሸክመህ የምትዞረው ለጌጥ ነው አልኩት። ረዳቱ ሳይቀር አፉን ዘግቶ ሰማኝ። አባዬ ቀጥ ብሎ ቆሞ እስክጨርስ ጠበቀ።

ስንሄድ «ጨነቀሽ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

በጨለማው ውስጥ ፊቱን አየሁት። ደስ ብሎት ነበር፣ እማዬ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በትክክለኛው ነገር የተጨነቀለት ሰው አልነበረውማ።

እንግዲህ እኔ አንቺን መርሳት አይሆንልኝም፤ ስቆጣው ድምፅሽ ሳላስበው ከአፌ እየወጣ ነው። አንቺ በሰላም ዕረፊ። የሚያመሽበት ቀን ሲመጣ ፌርማታው ላይ እኔ አለሁ፤ የምጮኸውም በሁለታችን ፈንታ ነው።

ልጅሽ ቤዛ